በሌለ ወረፋ አምስት ወር ቆምኩ

መጀመሪያ መኪናዋን ላስተዋውቃችሁ። ትንሽ ናት። አምስት በር አላት፤ የኋላ ወንበሯን አጥፎ የገበያ ዕቃ መጫን ይቻላል። ላይዋን ላየ ሰው ተራ የቤት መኪና ትመስላለች። ነዳጅ ሲረግጧት ግን ሌላ ናት። ካምቢዮዋ በእጅ ነው። አዲስ አበባ ልጅ እያለሁ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ አፌን ከፍቼ የማያት ዓይነት። ስሟን አልጠራም። በ2021 እና በ2022 የየትኛውንም ፋብሪካ መኪና ያዘዘ ሰው ተመሳሳይ ነገር አይቷል። ከአውሮፓ በመርከብ የምትመጣ መሆኗን ብቻ ያዙልኝ። ቀኖቹንም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው። ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ኦክቶበር 2021 ላይ ዕቁብ ወጣልኝ። 20 ሰው ነን፣ በየሳምንቱ 500 ዶላር እንጥላለን። 10,000 ዶላር በአንዴ እጄ ሲገባ ራሴ ላይ የወጣውን አትጠይቁኝ። በማግስቱ ዲለር ቤት ነበርኩ።

ግቢው ባዶ ነበር። ድሮ መኪና ተጠጋግቶ የሚቆምበት ቦታ ላይ ስድስት ሰባት ያገለገሉ መኪኖች ተበታትነው ቆመዋል። ያን ጊዜ ነበር መባነን የነበረብኝ። ሻጩ ግን ደስ የሚል ልጅ ነው። ቡና አመጣልኝ። “ካዘዝክ ከ8 እስከ 12 ሳምንት” አለኝ። ወለዱ 2.9 በመቶ። ቀብድ 1,000 ዶላር። ቼክ ጻፍኩ፣ አንድ ገጽ ወረቀት ላይ ፈረምኩ፣ ቀለሙን መረጥኩ፣ ከትልቁ ሙዚቃ ማጫወቻ ጀምሮ ያለውን ጌጥ ሁሉ አስጨመርኩ። ወረቀቱን አላነበብኩትም። “የማይመለስ” የሚል ቃል ዓይኔ ላይ ውልብ ብሎ አልፏል፣ እሱን አስታውሳለሁ።

ግቢው ለምን ባዶ እንደሆነ ያኔ ብጠይቅ ኖሮ ብዙ ነገር ይገባኝ ነበር። ነገሩ የጀመረው በ2020 ኮቪድ ፋብሪካዎችን ሲዘጋ ነው። መኪና ሠሪዎቹ “ሰው አይገዛም” ብለው የቺፕ፣ ማለትም መኪናዋ ውስጥ እንደ ኮምፒውተር የምትሠራዋን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ፣ ትዕዛዛቸውን ሰረዙ። ቺፕ ሠሪዎቹ ደግሞ ማሽናቸውን ለላፕቶፕና ለጌም አዞሩት፤ ሁሉም ቤቱ ተቀምጧልና ገበያው እዚያ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ የመኪና ገበያ ሲመለስ መኪና ሠሪዎቹ ከወረፋው ጅራት ላይ ራሳቸውን አገኙት። ቺፕ እንደ ዳቦ ዛሬ አዝዘው ነገ የሚወጣ አይደለም፤ አንዱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ወራት ይፈጃል። በዚያ ላይ ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ ላይ ብርዱ መብራት አጥፍቶ ኦስቲን ያሉትን የሳምሰንግን፣ የኤንኤክስፒንና የኢንፊኒየንን ፋብሪካዎች አቆመ። ማርች 19 ደግሞ ጃፓን ውስጥ ናካ የሚገኘው የሬኔሳስ ፋብሪካ ተቃጠለ። እሱ የሚሠራው ለመኪና የሚሆነውን ቺፕ ነው። በዚያው ዓመት ቶዮታ እንኳ ለሴፕቴምበር ያቀደውን ምርት 40 በመቶ ቀነሰ። አሊክስፓርትነርስ የተባለው አማካሪ ድርጅት በ2021 ብቻ 7.7 ሚሊዮን መኪና ሳይሠራ ይቀራል ብሎ ገምቶ ነበር።

እንደኔ ላለ ስፖርት መኪና ፈላጊ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ፋብሪካው በእጁ ያለው ቺፕ ትንሽ ከሆነ መጀመሪያ የሚሰጠው ብዙ ትርፍ ለሚያመጣለት ትልቅ መኪና ነው። ትንሿና ፈጣኗ መኪና ስም ታስጠራለች እንጂ ካዝና አትሞላም። ታዲያ እኔ 8 ሳምንት ሲሉኝ ምን ብዬ አመንኩ? አላውቅም። ማመን ስለፈለግኩ ነው መሰለኝ።

ሁለተኛውና ትልቁ ስህተቴ ዲሴምበር ላይ መጣ። ያኔ የምነዳት የ2011 ሴዳን ነበረች። ያገለገለ መኪና ዋጋ ሰማይ ወጥቶ ስለነበር ስልኬ ላይ “መኪናህን እንግዛህ” የሚል መልእክት በየቀኑ ይመጣል። አንዱ ቦታ ወሰድኳት። 8,600 ዶላር አሉኝ። ለ10 ዓመት መኪና! አዲሷ በጃንዋሪ ትመጣ የለ? ሸጥኳት። በዚያው ብልጥ መስሎኝ ኢንሹራንሱንም ዘጋሁት። የሌለ መኪና ምን ኢንሹራንስ ያስፈልገዋል?

ልክ ያን ሰሞን ደግሞ የከተማው ባቡርም ጎድሎ ነበር። ኦክቶበር 12 አንድ ባቡር ከሐዲድ ስለወጣ ከባቡሮቹ ከግማሽ የሚበልጡት ለምርመራ ቆመዋል። ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ብርድ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ወደ ሥራ ስሄድ ኡበር፣ 28 ዶላር። አንዳንድ ቀን 35። እባካችሁ፣ አዲሷ መኪና በራችሁ ላይ ቆማ ቁልፏን እስክትጨብጡ ድረስ አሮጌዋን አትሽጡ። የፈለገ ዋጋ ይስጧችሁ። እኔ የ8,600 ዶላሩን ደስታ በሁለት ወር ውስጥ በኡበር ቀስ በቀስ መልሼዋለሁ።

ጃንዋሪ አለፈ። በሳምንት አንድ ቀን እደውላለሁ፤ ሻጩ ሁሌ ትሑት ነው፣ ሁሌ “በቅርቡ” ነው። ፌብሩዋሪ 16 ቀን ፌሊሲቲ ኤስ የምትባል የጭነት መርከብ አዞረስ ደሴቶች አጠገብ በእሳት ተያያዘች። ጀርመን ከሚገኘው ኤምደን ወደብ ተነስታ ወደ ሮድ አይላንድ 4,000 ገደማ መኪና ጭና ስትመጣ ነበር። ሠራተኞቹ ሁሉ ተረፉ፤ እሷ ግን ማርች 1 ቀን ሰጠመች። ዜናውን ባነበብኩ ቀን ልቤ ዘለለ። ሥራ ቦታ ኮሪደር ላይ ቆሜ ለሻጩ ደወልኩ። “የኔ እዚያ ላይ ነበረች?” ትንሽ ዝም አለና “ሊሆን ይችላል” አለኝ።

ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ለጓደኞቼ ሁሉ ነገርኩ። አጽናኑኝ። ከመሐላቸው አንዱ በሳቅ “ለቅሶ እንቀመጥ?” ብሎኛል። ይችን መልስ፣ “ሊሆን ይችላል” የምትለዋን፣ ልብ ብላችሁ ያዙልኝ።

መርከቧ በተቃጠለች በስምንተኛው ቀን የዩክሬን ጦርነት ተጀመረ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እኔ ራሴ በጣም የገረመኝ ነገር ነው። መኪና ውስጥ ከመሪ እስከ ኋላ መብራት የሚሄድ የተጠቀለለ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ። እንደ ደም ሥር ነው። ብዙው ሥራ በሰው እጅ ነው የሚሠራው። ምዕራብ ዩክሬን ውስጥ እንደ ሌኦኒ ያሉ ድርጅቶች ለአውሮፓ መኪኖች ያንን ሽቦ የሚያዘጋጁባቸው ፋብሪካዎች ነበሯቸው። ጦርነቱ ሲመጣ እነሱ ቆሙ። በቀናት ውስጥ የፎልክስቫገን ጽቪካው ፋብሪካ ቆመ፣ የቢኤምደብሊው ሙኒክም ተከተለ። ቺፕ ሲጎድል ቢያንስ መኪናውን ሠርቶ ሜዳ ላይ አቁሞ መጠበቅ ይቻላል፤ ቺፑ ሲመጣ ይገጠማል። አሜሪካ ውስጥ ፎርድ ያላለቁ መኪኖቹን ኬንታኪ ውስጥ የውድድር ሜዳ ዙሪያ አሰልፎ ነበር። ሽቦው ግን መጀመሪያ ነው የሚገባው። ክሩስኮቱም፣ ወንበሩም፣ ምንጣፉም የሚገጠመው ከሱ በላይ ነው። እሱ ከሌለ የሚጀመር ሥራ የለም። ደግሞ እንደ መኪናው ዕቃ ዓይነት ይለያያል፤ የጎረቤቱን ወስዶ ማስገባት አይቻልም።

ይኼን ሁሉ ካነበብኩ በኋላ ሻጩ “ጦርነቱ እኮ ነው” ሲለኝ “እውነትህን ነው” አልኩት። እውነቱንም ነበር። ችግሩ፣ እውነቱ የኔን መኪና አይመለከትም።

የነቃሁት ዕቁብ ቤት ነው። ማርች ላይ አንድ እሑድ ተሰብስበን ቡና እየጠጣን እንደልማዴ ስለ መርከቧ አወራለሁ። የዕቁባችን ዳኛ ከ30 ዓመት በላይ ዲሲ ውስጥ ታክሲ የነዱ ሰው ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዝም ብለው ሰምተው ሰምተው፣

“ቁጥሯ ስንት ነው?” አሉኝ።

“የምን ቁጥር ጋሼ?”

“የትዕዛዙ ቁጥር ነዋ። ፋብሪካው የሰጠህ።”

“እንጃ። የፈረምኩት ወረቀት አለ።”

“ልጄ፣ ቁጥር የሌላት መኪና እንዴት መርከብ ላይ ትወጣለች?”

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ግን ወረቀቱን አውጥቼ አየሁት። ቁጥር የለውም። ሰኞ ጠዋት ከፈረቃ እንደወጣሁ ዲለር ቤት ሄድኩና ሻጩን አልፌ ሥራ አስኪያጁን አስጠራሁ። ኮምፒውተሩን አየ። “ለዚህ ዓይነት መኪና ገና ኮታ አልደረሰንም። ሲደርሰን አንተ አራተኛ ነህ” አለኝ።

ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኼ ነው። መርከብ ላይ ያለቀስኩላት መኪና አልታዘዘችም። ቺፕ አልጎደላትም፣ ሽቦ አልጎደላትም፤ የጎደላት መወለድ ነው። ስሜ ያለው እዚያው ቤት አንድ ደብተር ላይ ነበር።

አሠራሩን ያኔ ነው የተማርኩት፤ እናንተ ከመክፈላችሁ በፊት ዕወቁት። ፋብሪካው ለየዲለሩ ኮታ ይሰጣል፤ በዚህ ወር ከዚህ ሞዴል ይህን ያህል ብሎ። ትዕዛዝ የሚባለው ዲለሩ ኮታ ኖሮት ወደ ፋብሪካው ሲልከውና ፋብሪካው ሲቀበለው ነው። ያን ጊዜ የትዕዛዝ ቁጥር ይወጣል። መሠሪያው ሲቃረብ ደግሞ የሻንሲ ቁጥር ይከተላል። ስለዚህ “መቼ ትመጣለች?” ብላችሁ አትጠይቁ፤ ለሱ ማንም የፈለገውን መመለስ ይችላል። “ኮታ በእጃችሁ አለ? የትዕዛዙን ቁጥር ዛሬ በኢሜይል ትልኩልኛላችሁ?” በሉ። ካመነቱ ቀብዳችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት።

ለ1,000 ዶላሩም ጋሼ ናቸው የደረሱልኝ። መነጽራቸውን አድርገው ወረቀቱን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። “የማይመለስ” የሚለው ቃል ቀጥሎ “ተሽከርካሪው ከፋብሪካ ከታዘዘ በኋላ” ይላል። አልታዘዘማ! ይህንኑ ጽፌ ላክሁ፣ ሁለት ጊዜ ሄድኩ፣ በሦስተኛው ሳምንት ቼኩ መጣ። በካርድ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ በባንኩ በኩል መከራከር ይቀለኝ ነበር። ቀብድ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ።

ከዚያ ደብተር ገዛሁ። በሁለት ቅዳሜ 14 ዲለር ጋ ደወልኩ፤ ሜሪላንድ፣ ደላዌር፣ ፔንሲልቬንያ፣ እስከ ኖርዝ ካሮላይና። አንዳንዶቹ መኪናዋ አለቻቸው፤ ግን ፋብሪካው ከለጠፈው ዋጋ ላይ 5,000 ዶላር ጨምሩ ይላሉ። አንዱ 8,000 ሲለኝ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሳቅሁ። መስታወቱ ላይ ዋጋው እንዲለጠፍ ሕግ ያስገድዳል፣ ከ1958 ጀምሮ። በዚያ ዋጋ እንዲሸጡ ግን አያስገድድም። 11ኛው ላይ ፔንሲልቬንያ ያለች አንዲት ሴትዮ አነሳች። ሳታስጨርሰኝ “ለጁን አንድ ኮታ አለኝ” አለች። “ግን የመረጥከውን ዕቃ ቀንስ። ትልቁ ሙዚቃ ማጫወቻና የሚሞቀው መሪ ያለበት ትዕዛዝ ፋብሪካው እየያዘው ነው።”

ይኼ ምክር ወርቅ ነው። በዕጥረት ጊዜ እያንዳንዱ የምትጨምሩት ጌጥ አንድ ተጨማሪ ቺፕ ነው፣ አንድ ተጨማሪ የመዘግየት ምክንያት ነው። ያኔ ፋብሪካዎቹ ራሳቸው ዕቃ እየቀነሱ ነበር። ጂኤም ከአንዳንድ መኪኖቹ የሚሞቀውን ወንበር አወጣ። ቢኤምደብሊው ከአንዳንዶቹ በጣት የሚነካውን ስክሪን አስቀረ። ፔጆ ለ308 የዲጂታሉን ፍጥነት ማሳያ ትቶ ወደ ድሮው ባለ ቀስት ተመለሰ፣ ያው የአባቶቻችን ፔጆ እንደነበረችው ማለት ነው። እኔም ተውኩት። መሪ ለማሞቅ ጓንት አለኝ። ሞተሩና ካምቢዮው እስካልተነኩ ድረስ ሌላው ቢቀርብኝ አልሞትም አልኩ። ቀለሙንም ግራጫ ካለሽ ግራጫ አልኳት።

500 ዶላር በካርድ፣ የሚመለስ። ከተለጠፈው ዋጋ በላይ እንደማትጨምርብኝ በጽሑፍ። የትዕዛዙ ቁጥር በዚያው ቀን ማታ በኢሜይል መጣ። ኢሜይሉን ለጋሼ ላኩላቸው።

እስከዚያው የምነዳው ነገር ያስፈልገኛል። የሸጥኳት ዓይነት መኪና ስጠይቅ 11,000 ዶላር አሉኝ። ጃንዋሪ 2022 ላይ ያገለገለ መኪና ዋጋ ካምናው በ40.5 በመቶ ጨምሮ እንደነበር መንግሥት ራሱ አውጥቷል፤ እኔ ደግሞ በዚያ ገበያ ላይ ሻጭ ሆኜ ገብቼ ገዢ ሆኜ ተመለስኩ። በመጨረሻ ከሥራ ባልደረባዬ የ2005 መኪና በ3,800 ገዛሁ። ኤሲዋ አይሠራም። የቨርጂኒያን ጁላይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ኢንሹራንስ ላሳድስ ስል ደግሞ በመሐል ሦስት ወር ስለተቋረጠ በወር 118 ይከፈልባት የነበረው 171 ሆነ። መኪና ባይኖራችሁም ኢንሹራንሱ እንዳይቋረጥ የሚያደርግ፣ ለራሱ ለሹፌሩ የሚገባ ርካሽ ዓይነት አለ። ከመዝጋታችሁ በፊት ጠይቁ። እኔ መኖሩን የሰማሁት ከረፈደ ነው።

ቁጥሯ ያላት መኪና አልዘገየችም ብዬ አልዋሽም። ሁለት ጊዜ ተገፋች። አንዴ ለቺፕ፣ አንዴ ለዚያው ሽቦ። ጁን የተባለው መሠሪያዋ ጁላይ መጨረሻ ሆነ። ግን ልዩነቱን እዩት፤ ሴትዮዋ ስደውል ቁጥሬን አስገብታ የት ጋ እንደቆመች ታነብልኛለች። “ተገጣጥማለች”፣ “ወደብ ደርሳለች”፣ “ተጭናለች”። መጠበቅ ያው መጠበቅ ነው፤ እንቅልፌን ግን እተኛ ነበር።

ያልጠበቅሁት ወለዱን ነው። ኦክቶበር ላይ 2.9 በመቶ ብለውኝ ነበር። ከማርች እስከ ጁላይ 2022 የአሜሪካው ማዕከላዊ ባንክ፣ ፌደራል ሪዘርቭ፣ አራት ጊዜ ወለድ ጨመረ፣ በድምሩ 2.25 በመቶ። ክሬዲት ዩኒየኔ፣ ማለትም የምበደርበት የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ በጸደይ የሰጠኝ የወለድ ማረጋገጫ ለ30 ቀን ብቻ ነበር፤ መኪናዋ ስትደርስ 5.4 አሉኝ። በ24,000 ዶላር ብድር ላይ በአምስት ዓመት 1,600 ዶላር ገደማ ልዩነት ነው። እዚህ ላይ የማውቀው አንድ መላ ብቻ ነው፦ የሻንሲ ቁጥሯ ሲወጣ ሁለት ሦስት ቦታ ጠይቁ፣ ማረጋገጫው ስንት ቀን እንደሚቆይ በጽሑፍ ያዙ። ከሁሉ በላይ የዕቁቡን ብር አትንኩ። እኔ ከሱ ላይ 2,000 ያህል በኡበርና በዚያች አሮጌ መኪና ላይ አጥፍቼዋለሁ።

ሴፕቴምበር ላይ ደወሉልኝ። ባልደረባዬ አድርሶኝ ፔንሲልቬንያ ሄድኩ። ከመፈረሜ በፊት ዙሪያዋን ዞርኩ። ጋሼ “ወንበሩ ላይ ከተቀመጥክ ዓይንህ ይታወራል፣ መጀመሪያ ውጭውን እይ” ብለውኝ ነበር። የጎማውን ነፋስ አስለካሁ፤ ለመርከብ ጉዞ ከልክ በላይ ተነፍቶ ይመጣልና አንዳንዴ ማስተንፈስ ይረሱታል። እውነትም ተረስቶ ነበር። ብዙ ሳምንት ቆማ ስለከረመች ባትሪውን አስፈተሽኩ። የሻንሲ ቁጥሩን በመንግሥት የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ አስገብቼ ፋብሪካው ለጥገና መልሱልኝ ያለው ጉድለት እንደሌለባት አየሁ። ከወረቀቱ ጋር ደግሞ አንድ ዕቃ በዕጥረት ምክንያት እንደቀረ የሚገልጽ ቅጽ ነበር፣ የፊት ማቆሚያ ሴንሰር። ለሱ ዋጋው ላይ የተቀነሰው ብር መግባቱን በካልኩሌተር አረጋገጥኩ። ቸኩሎ የሚፈርመው ሰውዬ ማርች ላይ ሞቷል።

እሑድ ዕቁብ ቤት ይዣት ሄድኩ። ሁሉም ወጥቶ አያት። ጋሼ ኋላ ልግባ አሉ። ጉልበታቸው የፊቱን ወንበር ገፋ፣ ባርኔጣቸው ጣሪያውን ነካ።

“ለዚህች ነው ዓመት የጠበቅከው?”

“አዎ ጋሼ።”

“በል እስቲ ንዳት።”

ማርሽ አስገባሁ። ሰዉ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ያያል። ፍሪሲዮኑን ቶሎ ለቀቅሁት መሰለኝ፣ ሁለቴ ነጠረችና ቀጥ ብላ ጠፋች። ከኋላ ጋሼ በረጅሙ ተነፈሱ፤ “ይኼም ዕቃ ጎድሎት ነው?” አሉ።